አንኮበር ከወጣችሁ ጠላ ቤቱን አትለፉት

አንኮበር የሚወጣው ሰው ብዙ ነው። መንገዱ ሰላም በሆነ የበዓል ሰሞን ከአዲስ አበባ በሚኒባስና በኮስተር ይመጣል። 130 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ደብረ ብርሃን ላይ ቁርሱን ይበላል፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፎ ሌላ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ በገብስና በባቄላ ማሳ መሀል ይነዳና ኮረብታው ጋ ይደርሳል። ዳገቱን እያለከለከ ይወጣል፣ ቁልቁል የአፋርን ቆላ ያያል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ምሳውን በልቶ ሳይመሽ ይመለሳል። ወፍ ሊያዩ የሚመጡ ፈረንጆችም አሉ፤ በአንኮበር ስም የምትጠራ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የማትገኝ አንዲት ትንሽ ወፍ አለችና።

ጥሩ ጉዞ ነው። እኔም ዘመድና ጓደኛ ይዤ ሄጄበታለሁ። ግን አንድ ነገር ያንገበግበኛል። ይሄ ሁሉ ሰው የሸዋ ነገሥታትን ዘመን ለማየት መጥቶ፣ ከዚያ ዘመን ተያይዞ እስከ ዛሬ በሰው እጅ ላይ ያለውን ነገር አልፎት ይሄዳል። ጠላ ቤቱን ማለቴ ነው።

እስቲ አስቡት። ኮረብታው ላይ ከጥንቱ ቤተ መንግሥት የቀረው የግንብ ቁራጭ ነው። አሁን ቆማችሁ ፎቶ የምትነሱበት ሕንፃ የድሮውን መልክ እንዲይዝ ተደርጎ በኋላ የተሠራ ማረፊያ ነው። ያምራል፣ ከበረንዳው የሚታየውን ገደል ዓይን አይጠግበውም። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ የተቀመጡበትን አዳራሽ ግን እዚያ አታገኙትም። ከኮረብታው ወርዳችሁ ጎረበላ ከተማ ውስጥ አንዷ ጓዳ ብትገቡ ደግሞ ጋኑ ቆሟል፣ ጌሾው ተሰጥቷል፣ ገብሱ የዚሁ ደጋ ገብስ ነው፣ የምትጠምቀው ሴትም ከእናቷ፣ እናቷም ከእናቷ የተማሩትን ነው የምትሠራው። ለኔ ታሪክ እዚያ ጓዳ ውስጥ አለ።

የማወራው ስለ አንድ ቤት ነው። የባለቤቷን ስም አልጽፍም፣ እሳቸውም አይወዱም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እማማ ነው የሚላቸው። ቤቱ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ይላል፣ ታፔላ የለውም። ደጁ ላይ በቀጭን እንጨት ጫፍ የተደፋች ጣሳ አለች፣ በቃ ያ ነው ምልክቱ። ጣሳዋ ካለች ጠላ አለ። ከሌለች ወይ አልደረሰም ወይ አልቋል፣ በር ማንኳኳት አያስፈልግም። አስጎብኚዎቹ ብዙ ጊዜ እንግዳ ይዘው በዚች ጣሳ ሥር ያልፋሉ፣ ማንም ቀና ብሎ አያያትም።

ውስጡ ጨለም ይላል። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ቢሆንም ከሥሩ ያለው እንጨት በጢስ ብዛት ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ግድግዳውን ተከትሎ የጭቃ መደብ ዞሯል፣ መደቡ ላይ አጎዛ ተነጥፏል። አንኮበር ብርድ ነው፣ በተለይ ከሰዓት በኋላ ጉሙ ከገደሉ ሲወጣ አጥንት ይሰብራል፣ ስለዚህ ምድጃው አጠገብ ያለው ቦታ የሽማግሌዎች ነው። ማንም አልጻፈውም፣ ሁሉም ያውቀዋል። አንድ ጊዜ ምድጃው ዳር ተቀምጬ ሳለ አንድ በርኖስ የለበሱ አዛውንት ገቡና ቤቱ በሙሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» አለ። እሳቸውም «በእግዜር፣ በእግዜር፣ ተቀመጡ ልጆቼ» እያሉ መጡ። እኔም ተነሥቼ ቦታውን ለቀቅኩ፣ መርቀውኝ ተቀመጡ። ከአዲስ አበባ ለመጣ ወጣት ይሄን ማየት ብቻ የጉዞውን ዋጋ ያወጣል። ስንቱ ልጅ «ኖር» መባሉን በተረት ብቻ ነው የሚያውቀው።

ከዚያ እማማ ጠላውን ይዘው ይመጣሉ። በማሰሮ ነው። መጀመሪያ ከመዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ራሳቸው ይቀምሳሉ፣ ከዚያ ነው ለእንግዳ የሚቀዱት። ይሄ በቤተ መንግሥትም የነበረ ልማድ ነው፤ አሳላፊው ሳይቀምስ ለጌታው አይሰጥም ነበር፣ መርዝ የለበትም ለማለት። እዚህ ማንም መርዝ አይፈራም፣ ግን እማማ ሳይቀምሱ ሰጥተው አያውቁም። «እኔ ያልጠጣሁትን ለሰው ልጅ እንዴት እሰጣለሁ» ነው የሚሉት። ሽክናው እስከ አፉ ይሞላል። ጎደል አድርጎ መቅዳት ንፉግነት ነው። ሁለት ጊዜ ጎንጨት ስታደርጉ ደግሞ መጥተው ይሞሉታል፣ በቃኝ ለማለት እጃችሁን ሽክናው ላይ መክደን አለባችሁ፣ ያኔም ይከራከሯችኋል።

እንዴት እንደሚጠመቅ ላውራችሁ፣ ምክንያቱም ሰው ጠላ ሲጠጣ የስንት ቀን ሥራ እንደጠጣ አያስብም።

መጀመሪያ ጋኑ ነው። በግራዋ ቅጠል ተፈግፍጎ ይታጠባል፣ በውሃ ይለቀለቃል፣ ይደርቃል። ከዚያ የወይራ እንጨት ይጨስና ጋኑ በጢሱ ላይ ተደፍቶ ይታጠናል። ጠላው አፍ ላይ ሲደርስ የሚሸተው ያ ደስ የሚል የጢስ ጠረን ከዚህ ነው የሚመጣው። እማማ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም። አንድ ቀን ልጃቸው ጋኑን ቶሎ አንስታው ኖሮ «መልሺው፣ ገና አልጠገበም» ሲሏት ሰምቻለሁ። ጋን ይጠግባል ማለታቸው ነው፣ ጢስ።

ቀጥሎ ጥንስሱ ነው። የጌሾ ቅጠል ደርቆ ተወቅጦ በውሃ ይዘፈዘፋል፣ ጥቂት ቀን ይሰነብታል። ከዚያ ብቅል ይገባል፤ ብቅል ማለት ገብሱ ርሶ፣ በቅጠል ተሸፍኖ፣ ጎንቁሎ፣ እንደገና በፀሐይ ደርቆ የተፈጨው ነው። ቂጣም ይጋገርና እየተቆራረሰ ይጨመራል። ይሄ ሲብላላ ዋናው ድፍድፍ ይመጣል፣ የተቆላ እህል ተፈጭቶ የሚገባበት። እማማ ገብሱን ጠቆር አድርገው ነው የሚቆሉት፣ ስለዚህ ጠላቸው ቡና መሰል ቀለም አለው። ገና ስትገቡ ቤቱ ውስጥ የሚሸታችሁም ይሄው የተቆላ ገብስ ነው። ድፍድፉ ከቆየ በኋላ ውሃ ይሞላል፣ የጋኑ አፍ ይከደንና በጭቃ ይመረጋል። አየር እንዳይገባ ነው። ከዚያ መጠበቅ ነው። ቀኑ እንደ ብርዱ ይረዝማል ያጥራል፣ አንኮበር ላይ ደግሞ ብርዱ አይታጣም፣ ስለዚህ ከቆላው አገር ይልቅ ይዘገያል። እማማ ጋኑ ላይ ጆሯቸውን ለጥፈው ያዳምጣሉ። ውስጡ የሚፈላውን ድምፅ ሰምተው ነው ነገ ይከፈታል፣ ከነገ ወዲያ ይከፈታል የሚሉት፣ ሲሳሳቱም አላየሁም።

ሲከፈት ከላይ የሚወጣው፣ ሳይጠለል ወፍራም ሆኖ የሚጠጣው ጉሽ ነው። ጉሽ ኃይለኛ ነው፣ ምሳም ይሆናል፣ ገበሬ ጠዋት ጉሽ ጠጥቶ ወደ እርሻ ይወርዳል። ከዚያ ተጠልሎ የሚቀርበው ዋናው ጠላ ነው። እሱ ሲያልቅ ድፍድፉ ላይ እንደገና ውሃ ይጨመርና ቅራሪ ይወጣል፣ ቀላል ነው፣ ልጅም ሽማግሌም ለጥም ይጠጣዋል። የሚቀረው አተላ ለከብት ነው። የሚጣል ነገር የለም። እዚያ ሰፈር ያለች ላም ሁሉ የጋኑን መከፈት እንደ ባለቤቶቿ ነው የምትጠብቀው።

ታዲያ ይሄ ሥራ እንጨት ነው፣ ውሃ መሸከም ነው፣ ጢስ ነው። እማማ ዓይናቸው በጢስ ይቀላል። ባላቸው ቀድመው ሞተዋል፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በዚህ ጋን ነው፣ አንዱን ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አስተምረውበታል። በኛ አገር ጠላ ቤት የሴት ቤት ነው። መሬት የሌላት፣ ባሏ የሞተባት፣ ከባሏ የተለየች ሴት ራሷን የምትችልበት ሥራ ሆኖ ኖሯል። ይሄን ሳላነሣ ስለ «ባህላዊ መጠጥ» ብቻ ባወራ ደስ አይለኝም።

አሁን ወደ ድሮው ልመለስ። ሣህለ ሥላሴ ሸዋን የገዙት ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. ነው፣ አንኮበርም ዋና መቀመጫቸው ነበረች። ከሥሯ ቁልቁል አልዩ አምባ አለች፣ የገበያ ከተማ። ከታጁራም ከሐረርም የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ እቃውን እዚያ ነበር የሚያራግፈው፣ ጨውም በግመል ተጭኖ እዚያ ይደርስ ነበር። ግመል ዳገቱን አይወጣም፣ ስለዚህ ከአልዩ አምባ ወደላይ ሸክሙ በበቅሎ፣ በአህያና በሰው ጀርባ ነው። ያንን አቀበት በእግሩ የሞከረው ያውቀዋል። ሲደርስ ሰው ይጠማል። እማማ ቅድመ አያታቸው ከገበያ ለሚመለሱ ጭነኞች ጠላ ትቀዳ እንደነበር ከእናታቸው ሰምተዋል። እኔ ይሄን ሲነግሩኝ ወዲያው ያመንኩት ዳገቱን ስላየሁት ነው።

ወደ ቤተ መንግሥቱ ደግሞ የውጭ ሰው መምጣት የጀመረው በዚያው ዘመን ነው። የእንግሊዝ መልእክተኞች መጥተው በኅዳር 1834 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን አቅራቢያ ባለችው አንጎለላ ላይ ውል ተፈራርመዋል፣ ፈረንሳዮችም ተከትለዋል። ምኒልክም የተወለዱት እዚያው አንጎለላ ነው፣ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም.። ከመቅደላ አምልጠው በ1857 ዓ.ም. ሲመለሱ ያቀኑት ወደ አንኮበር ነው። ስዊሱ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግም ለምኒልክ ሊሠራ የመጣው አዲስ አበባ ገና ሳትታሰብ፣ ወደዚሁ ወደ አንኮበር ነበር። ስለዚህ እንግዳ መቀበል ለዚህች ከተማ አዲስ ነገር አይደለም። ከሁላችን በፊት ስንቱ እዚያ ዳገት ላይ ቆሞ በብርድ ተንቀጥቅጧል።

ለእነዚያ እንግዶች በቤተ መንግሥት የሚቀርበው ግን ጠጅ ነው። ጠጅ የንጉሡና የመኳንንቱ ነበር፣ ተራው ሰው የሚጠጣው ጠላ። በግብሩ ድግስ ቀን እንኳ ሰው እንደ ማዕረጉ ነው የሚገባው፣ ቀድሞ የገባ ጥሩውን ጠጅ ይጠጣል፣ በኋላ የገባ የሚደርሰውን። ይሄን ያነሣሁት ዛሬ ጎብኚው ሁሉ «ጠጅ የለም ወይ?» ብሎ ስለሚጠይቅ ነው። ብርሌው ለፎቶ ያምራል፣ ይገባኛል። እማማ ጠጅ የሚጥሉት ለዓመት በዓል ወይም ለድግስ ብቻ ነው። ማር ውድ ነው። ጠጅ ሲጣል አንድ እጅ ማር ለሦስት ወይም ለአራት እጅ ውሃ ይበረዛል፣ የጌሾ እንጨት ይገባበታል፣ ሳምንታት ይቆያል። አሁን ባለው የማር ዋጋ በየሳምንቱ ልጣል ብትሉ አይሆንም።

መፍትሔ ያመጡላቸው ነበሩ። አንድ እንግዳ የሚያመላልስ ሰው መጣና «እማማ፣ ስኳር ይጨምሩበት፣ ቶሎ ይደርሳል፣ ፈረንጅም ጣፋጭ ነው የሚወደው፣ በየቅዳሜው ሰው አመጣልዎታለሁ» አላቸው። ብዙ ብር ነው ያወራላቸው። እማማ ዝም ብለው ሰሙት፣ ጠላ ቀዱለት፣ ከዚያ «ልጄ፣ የስኳር ውሃማ ሱቅ አለልህ» አሉት። ሰውየው ደግሞ አልተመለሰም። በየመንገዱ «የማር ጠጅ» ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥም ስኳር የገባበት አለ። የማይጠጣ ሰው ካላችሁ፣ ሙስሊም ጓደኛም ቢሆን ልጅም ቢሆን፣ ማር ባለ ጊዜ ብርዝ ይበረዝለታል፣ ሳይቦካ። ማር ከሌለ ቡና አይጠፋም።

ስለ አረቄ ካላወራሁ የደብረ ብርሃን ሰው ይቀየመኛል። የደብረ ብርሃን አረቄ ስሙ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው፣ ያ ሁሉ ገብስ፣ ያ ሁሉ ብርድ ባለበት ቦታ ቢታወቅ አይገርምም። ዳግም የወጣው እስከ 45 ከመቶ አልኮል ይደርሳል። እማማ ጋ አንዳንዴ አለ፣ በመለኪያ ነው። የምትነዱ ከሆነ ግን አትንኩት። ያ መንገድ ገደል ነው፣ ጉም ሲወርድ የመኪናው አፍንጫ አይታይም። ጉሹንም ለሹፌር አትስጡት።

አሁን ዋናው ነገሬ። ጠላ ቤቱ የሚኖረው በደንበኛው ነው፣ ደንበኛው ደግሞ እኛ ጎብኚዎቹ አይደለንም። እዚያ መደብ ላይ የሚቀመጠው ገበሬ ነው፣ ሸማኔ ነው፣ ከሚካኤል ማኅበር የተመለሰ ሽማግሌ ነው፣ ገበያ ውሎ አህያውን ደጅ ያሰረ ነጋዴ ነው። የሚወራው የማዳበሪያ ዋጋ ነው፣ ውርጭ የመታው ባቄላ ነው፣ የበግ ገበያ ነው። አንዴ አንድ ሰው ገብቶ በሬው እንደጠፋበት ተናገረ። ዳማ፣ አንድ ቀንዱ የተሰበረ። ጥግ ላይ ዝም ብሎ ይጠጣ የነበረ ልጅ «ትናንት ከወንዙ ማዶ አይቼዋለሁ» አለ። ሰውየው ጠላውን ሳይጨርስ ወጣ። ዕርቅም እዚያ ይጀመራል፣ የለቅሶ ወሬም እዚያ ይሰማል፣ ሥራ የሚፈልግ ሰው ቀጣሪውን እዚያ ያገኛል። ቤቱ ታሪካዊ የሆነው ይሄ ሁሉ ሳይቋረጥ ስለቀጠለ ነው። እነዚህ ሰዎች መምጣት ያቆሙ ቀን አጎዛውም ሽክናውም የሱቅ ዕቃ ይሆናል።

ስለዚህ የምንገባበት መንገድ ይቆረቁረኛል። አንድ የበዓል ማግስት አንድ ቡድን መጣ፣ ሃያ የሚሆኑ ወጣቶች። በሩ ላይ እንደቆሙ ስልካቸውን አወጡ፣ የስልኩን መብራት አበሩ፣ ያንን ጨለም ያለ ቤት በብርሃን ሞሉት። ማንም ጤና ይስጥልኝ አላለም። አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ሸፈኑ። አንዷ ልጅ ተጠግታ «አባባ፣ አንዴ ሽክናውን ከፍ ያድርጉልኝ» አለቻቸው። እሳቸው ምንም አላሉም፣ ብድግ ብለው ወጡ። ከኋላቸው ሁለት ሰዎች ተከተሉ። ቡድኑ አንድ ማሰሮ ጠላ አዝዞ ግማሹን ሳይጠጣ ትቶ ሄደ። በጣም ነው የተናደድኩት። ልጆቹ ክፉ አይደሉም፣ እንዲያውም ሲወጡ «ደስ ይላል» እያሉ ነበር። ግን የሚያዩት ነገር የሰው ቤት፣ የሰው ከሰዓት በኋላ መሆኑን የነገራቸው የለም። ይዟቸው የመጣው ሰው ነበር ይሄን መንገር ያለበት።

በተቃራኒው ደግሞ ሌላ ቀን አራት ሆነው የመጡ አሉ፣ አንዱ ፈረንጅ ነው። ጎንበስ ብለው ገቡ፣ «እንደምን ዋላችሁ» አሉ፣ ቦታ ተጠጋላቸው። ፈረንጁ ጉሹን በሁለት እጁ ይዞ ጠጣ፣ ፊቱን አጨማደደ፣ ቀጥሎ ደገመ። ቤቱ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። አንዱ ገበሬ ከኪሱ ቆሎ አፍሶ መዳፉ ላይ አደረገለት። ትንሽ ቆይተው ፎቶ ማንሣት እንችላለን ወይ ብለው ጠየቁ፣ ያን ጊዜ ማንም እምቢ አላለም፣ እንዲያውም ነጠላቸውን ያስተካከሉ ነበሩ። ልዩነቱ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ቁጭ ማለት ብቻ ነው።

ዋጋው ለሁሉም አንድ ነው። እማማ ለእንግዳ ብለው አይጨምሩም፣ ይሄን ደንበኞቹ ያውቃሉ፣ ይኮሩበታልም። እኔ ግን ከሩቅ የመጣ ሰው ተመሳሳዩን ከፍሎ ቢወጣ ደስ አይለኝም። ትርፉን «ለጌሾ መግዣ» ብላችሁ ስትወጡ ስጧቸው፣ ለብቻ፣ ሰው ፊት ሳታውለበልቡ። ሌላ ስም ከሰጣችሁት አይቀበሉም። ሞክሬዋለሁ።

የሚያሳስበኝ ቀጣዩ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ትልልቅ የቢራ ፋብሪካዎች አሉ፣ ገብሱን ይፈልጉታል፣ ጠርሙሱም እስከ ጎረበላ ይወጣል። ወጣቱ ቢራ ይዞ መታየት ይወዳል፣ አልፈርድበትም። የእማማ ልጅ ደግሞ ጠመቃውን አሳምራ ትችለዋለች፣ ግን አትፈልገውም። «ዓይኔን ነው የሚጨርሰው» አለችኝ። እናቷን እያየች ምን ትበል? ለዚህ ቤት የሚያስብ ሰው ካለ፣ ወረዳም ይሁን የጉዞ አዘጋጅ፣ ጢሱን የሚያወጣ ምድጃ ቢሠራ፣ ውሃው ጓሮ ድረስ ቢገባ፣ ልጅቷ ሐሳቧን የምትቀይር ይመስለኛል። ጋኑን ተሸክሞ ሆቴል ውስጥ ማቆም፣ የባህል ልብስ የለበሰች አስተናጋጅ ማቆም፣ ከጎኑ ማሲንቆ ማስመታት፣ ይሄ ሁሉ በየከተማው አለን። ጎረበላ ድረስ ለዚያ መሄድ አያስፈልግም።

ለመሄድ ላሰባችሁ፣ ከገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ የተሻለ የለም፣ ቤቱ ሞቅ የሚለው ያኔ ነው። ጥቂት ሁናችሁ ግቡ፣ ከአራት አምስት ሰው በላይ ከሆናችሁ ተከፋፈሉ፣ ኮረብታው የትም አይሄድም፣ ግማሻችሁ እሱን እያያችሁ ጠብቁ። ወፍራም ጃኬት ያዙ። ሽማግሌ ሲገባ ተነሡ። ቆሎ ሲዘረጋላችሁ አትመልሱ። የግድ ብዙ ሆናችሁ የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በፊት ሰው ላኩባቸውና ንገሯቸው፤ አንድ ጋን ለእናንተ ጨምረው ይጠምቃሉ፣ የዕለቱ ደንበኛም ጠላ አልቋል ተብሎ ከደጅ አይመለስም።